ከስሱ ግድግዳ ማዶ ያስተማሩት መምህርት

ተማሪዎቻቸው «እትዬ ጥንድ» የሚሏቸው መምህርት ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1943 ዓ.ም. ተወለዱ። የበኩር ልጅ ነበሩ። ከአራት ዓመት በኋላ ታናሽ ወንድማቸው፣ ማለትም የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ፣ ሲወለድ የአባታቸው አድናቆት በሙሉ አስቀድሞ በእህቱ ተወስዶ ጠበቀው።

ትምህርታቸውን ከታች እስከ ላይ አንደኛ እየወጡ ፈጸሙ። ታናሽየው ሁለተኛ በወጣ ጊዜ እንኳ አባት ለጎረቤት ያወሩት ስለ እህቱ ነበር።

በ1965 ዓ.ም. በአንድ የቋንቋ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ማስተማር ጀመሩ። ተማሪ የሚያምታታቸውን ቃላት፣ መስማት የሆነውን «ሂር»ን ማዳመጥ ከሆነው «ሊስን»፣ ማምጣት የሆነውን «ብሪንግ»ን መውሰድ ከሆነው «ቴይክ»፣ በካርድ እየጻፉ ጥንድ ጥንዱን በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ ይሰቅሉ ነበር። በ1968 ዓ.ም. ከሰዓት ጠጋኝ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ።

በ1970 ዓ.ም. ወንድምየው በዚያው ትምህርት ቤት ተቀጠረ። ክፍላቸውን የሚለየው ስስ የእንጨት ግድግዳ ነበር። ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ወደ እርሳቸው ሲሾልኩበት ቅናት አንጀቱን በላው። ተማሪ ሲጽፍ ጠብቆ ጆሮውን ግድግዳው ላይ እየለጠፈ ዘዴያቸውን ሊሰርቅ ሞከረ። ይባስ ብሎ የእርሳቸው ተማሪዎች ባዩት ቁጥር ፈገግ ይላሉ። «እህቴ በክፍል ታማኛለች» ብሎ ሻይ የሚጠጣበትን ጠረጴዛ ከእርሳቸው ለየ። ልጆቻቸው «አጎቴ፣ እማዬ እኮ ትወድሃለች» ሲሉት «ፍቅሯን ለካርዶቿ ታቆየው» ይል ነበር።

ከአርባ ዓመት በላይ ጎን ለጎን ካስተማሩ በኋላ እትዬ ጥንድን የኩላሊት ሕመም ሁለት ዓመት አሠቃያቸው። በመጨረሻው ወር ወንድማቸውን አስጠርተው አሮጌ ደብተር ሰጡት፤ «ክፍሌን ለሌላ እንዳታስነካብኝ» አሉት።

በደብተሩ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጥንድ ቃላት ከነምሳሌያቸው ተጽፈዋል። ምሳሌው ሁሉ «ወንድሜ» ብሎ ይጀምራል። «ወንድሜ ይሰማኛል፤ አያዳምጠኝም» ይላል አንዱ። ተማሪዎቹ ፈገግ የሚሉት ለካ ከምሳሌዎቹ ስለሚያውቁት ነበር። እርሱ በተቀጠረበት ሳምንት የተጻፈው ደግሞ «ወንድሜ ያስተምራል፤ እኔ ከግድግዳው ማዶ እማራለሁ» ይላል። ይህን ሲያነብ አለቀሰ፤ አፈረም።

እትዬ ጥንድ መጋቢት 11 ቀን 2015 ዓ.ም. በሰባ ሁለት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና ታናሽ ወንድማቸው በሐዘን ቀርተዋል።

ወንድማቸው ሰኞ ጠዋት ካርዶቹን በእርሳቸው ክፍል ይሰቅላል፤ ምሳሌውንም «እህቴ» ብሎ ይጀምራል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ተቀብሎ ያሳርፍልን፤ እርሳቸውም ከማዶ ሆነው ያዳምጡት።