ያቺ ያንቺ ፈረንጅ እኛም ጋ መጣች

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለአካዬ ለፑንጎዲ፣ ባንጋሎር።

አካዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? ከስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ስትዪ የሚወጋሽ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? አጎታችንስ፣ ባለቤቱስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? የዘንድሮው ብርድ ባንጋሎር ላይ ጠንክሯል ሲሉ ሰምቼ ሆዴ ባባ፤ ሹራብ ሳትደርቢ እንዳትወጪ። እኔ አማልክት ይመስገኑ ደህና ነኝ። ሳሉ ብቻ አለቀቀኝም፤ እሱም የጥጥ ብናኝ የሰጠኝ ስለሆነ ምን አደርገዋለሁ።

ይህን የምጽፍልሽ በስልክ ስናወራ ስለምትቀድሚኝ ነው። ምን በስልክ ብቻ፣ ሁልጊዜም ትቀድሚኛለሽ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን ልታቋርጪኝ አትችዪምና እስከ መጨረሻው ስሚኝ።

ቀንቼብሻለሁ፣ አካ። ቅናት ስልሽ አንጀቴ እስኪያር ነው። እናታችን አንቺን ከአጎታችን ጋር ባንጋሎር ስትሰድ እኔን ለዚህ የፈትል ፋብሪካ ደላላ ሰጠችኝ። "ሦስት ዓመት ትሥራ፣ ስትወጣ ለሠርጓ የሚሆናትን ደመወዝ ባንድ ላይ ታፍሳለች" አላት፣ አመነችው። ቀደም ብላ የወጣች ልጅ ባዶ እጇን እንደምትሸኝ አልነገራትም። ከማደሪያው ወደ መኪናው፣ ከመኪናው ወደ ማደሪያው፤ የአጥሩ በር ሁልጊዜ ቁልፍ ነው። ትዕዛዝ የበዛ ቀን አንዱ ፈረቃ ሳያልቅ ሌላው ይደረብብናል።

በወር አንድ ጊዜ በምትፈቀድልን ስልክ ደግሞ የማደሪያው ኃላፊ እሜቴ ሰሮጃ አጠገቤ ቆማ እያዳመጠች፣ አንቺ ምን ምን ታወሪልኝ እንደነበር ታስታውሻለሽ? እሁድ ፊልም አየሁ። ገበያ ወጥቼ አምባር ገዛሁ። ፈረንጅ መጥታ እጄን ጨበጠችኝ። ይህችን ማርግሬት የምትባል ሴት እኮ ሊያገባሽ ከሚሻው ፈላጊሽ አስበልጠሽ ነው ያወራሽልኝ! እናንተ የምትሰፉትን ልብስ የሚገዛው ድርጅት ልኳት፣ የሚሰፋው ሰው ተገዶ እንዳይሆን እየዞረች የምታጣራ ናት አልሽኝ። "ደመወዝሽን በጊዜው ታገኛለሽ? መታወቂያሽ በእጅሽ ነው? ስትፈልጊ ትወጫለሽ? ብላ ጠየቀችኝ" ስትዪ እኔ የስልኩን ገመድ በጣቴ እጠመዝዝ ነበር። እኔን የሚጠይቀኝ ሰው እሜቴ ሰሮጃ ብቻ ነች፤ እሷም "ምን ይገትርሻል?" ነው የምትለኝ።

ከሁሉ የባሰው ግን ያ ቀን ነው። "ኤጭ! ያ ጣዎስ የተሳለበት ክር እየተበጠሰ አስመረረን። የትኞቹ ሰነፎች ይሆኑ የሚፈትሉት?" አልሽ፣ እየሳቅሽ። ጣዎሱን በየጥቅሉ ላይ በገዛ እጄ የምለጥፈው እኔ ነኝ፣ አካ! ዓይኔ ደም ለበሰ። "ሰነፎቹማ እኛ ነን! አጠገቤ የምትተኛዋ ራሳቲ ሁለት ፈረቃ አከታትላ ስትሠራ ቆማ አንቀላፍታ ጣቷን መኪናው ወሰደባት፣ አንቺ ፊልም ስታዪ!" ብዬ ጮህኩብሽ። እሜቴ ሰሮጃ ስልኩን ከጆሮዬ ላይ ነጥቃ ዘጋችው፤ ከዚያ ወዲያ ስልክ የሚባል ነገር ተከለከልኩ።

አንቺ ያን ሰምተሽ ዝም እንዳላልሽ አውቃለሁ። ማርግሬት ተመልሳ ስትመጣ "እኛን ብቻ ምን ታዪያለሽ፣ ክሩን የሚፈትሉትንም ሄደሽ እዪያቸው እንጂ" እንዳልሻት ኋላ ሰምቻለሁ። በዚህ አመሰግንሻለሁ። ቀጥሎ የሆነውን ግን ከኔ ስሚ።

መምጣቷ ሲታወቅ ግድግዳው ተቀባ፣ አዲስ ፍራሽ ገባ፣ የበሩ ቁልፍ ተሰወረ። እሜቴ ሰሮጃ "ደስተኞች ነን፣ እሁድ እሁድ ቤተ መቅደስ እንሄዳለን" የምትለዋን እንደ ፊደል እያስደገመች አስጠናችን። ማርግሬት ሄማ የምትባል አስተርጓሚ ይዛ መጣች። ከኒሙ ዛፍ ሥር አስቀመጡን። እሜቴ ሰሮጃም "ልጆቼ ናቸው፣ ከኔ የሚደብቁት የለም" ብላ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ ከኋላዬ ቆመች፤ ትንፋሿ ማጅራቴን ያሞቀው ነበር።

የመጀመሪያዋ ልጅ የተጠናውን እንዳለ ወረደችው። ሄማ ፈገግ ብላ "የቱ ቤተ መቅደስ ነው?" አለቻት። ልጅቱ ዓይኗን ወደ እሜቴ ሰሮጃ ላከች። እኔም ዝም ልል ነበር፣ አካ፤ ከፍርሃት ይልቅ "ያንቺ ፈረንጅ ናት፣ ያንቺን ስም ላድምቅ ወይ?" የሚል ክፉ ነገር ይዞኝ። ራሳቲ ግን ከጎኔ ሆና የቆሰለ እጇን በሻሿ ሥር ስትሸሽግ አየሁ። ከማን ነው የምትሸሽገው? እሷ የሠራችው ጥፋት አለ? "ደወሉን ነው የምናውቀው። ቤተ መቅደሱን አይተነው አናውቅም" አልኩ።

እሜቴ ሰሮጃ "ይቺ ቀልደኛ!" ብላ ሳቀች፤ እጇ ግን ትከሻዬን ይዞ ይጨምቀኝ ነበር። ሄማ ያንን እጅ አየችው። "እሜቴ፣ እርስዎ ደክሞዎታል፣ እስቲ ሻይ ይጠጡ" ብላ ክንዷን ይዛ እስከ ቢሮው አደረሰቻት። ከዚያማ ማን ይቻለን! ሁሉም ባንዴ ያወራ ጀመር። ራሳቲም እጇን አወጣች። ማርግሬት ያንን እጅ በሁለት እጇ ያዘችው።

በኋላ ሄማ ለብቻዬ አግኝታኝ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "ስትናገሪ አገጭሽን ቀና ታደርጊያለሽ፤ ባንጋሎር ያለች አንዲት ጎበዝ ልጅ መሰልሽኝ።" እዚህም ቀድመሽኝ መጥተሻል! በደስታዬ መሀል ሬት የጠጣሁ መሰለኝ።

ሥራ አስኪያጁ አልተሸነፈም። በቢሮው መስኮት ድምፁ ወጥቶ ይሰማ ነበር። "ርካሽ ይሁን የምትሉ እናንተ! በሳምንት ይድረስ የምትሉ እናንተ! ትዕዛዙን በመጨረሻው ሰዓት የምትለውጡ እናንተ! ከዚያ መጥታችሁ ልጆቹ ለምን አልተኙም ትሉኛላችሁ?" አላት። ሄማ እንደነገረችን ማርግሬት ፊቷ ቀልቶ ያለውን ሁሉ በደብተሯ ጻፈችው። እኛ ደግሞ ሌላ ጭንቅ ያዘን፤ ተናዳ ከሌላ ፋብሪካ ልትገዛ ብትሄድስ? ሄማን ከበን "ጥላን እንዳትሄድ በያት። እሷ ስትሄድ ሌላ ገዢ ይመጣል፣ እሱ ደግሞ ምንም አይጠይቅም" አልናት።

አልሄደችም። ከአለቆቿ ጋር ስትሟገት ሰንብታ ተመለሰች። ድርጅቷ ትዕዛዙን አስቀድሞ ሊሰጥ፣ ዋጋውንም ሊያሻሽል ተስማማ፤ ፋብሪካው በበኩሉ በሩን ሊከፍት፣ ድርብ ፈረቃውን ሊያስቀር፣ የታሰረብንን ደመወዝ ሊለቅና ከእንግዲህ በየወሩ በእጃችን ሊሰጠን። ይኸው ለመከሩ በዓል ለፖንጋል ውዝፉን ተቀበልን። ሁሉ ነገር ማር ሆነ ብዬ አልዋሽሽም። እሜቴ ሰሮጃ አሁንም አለች፤ "ልጆቼ" ስትለን ጥርሷ ሲፋጭ ይሰማል። ራሳቲ ካሣ ተቀብላ ወደ ቀላል ሥራ ተዛውራለች፤ ጣቷ ግን አይበቅልም።

ስልክ ገዝቼ መጀመሪያ የደወልኩት ለእናታችን ነው። ነገሩን ተርኬላት ሳልጨርስ "ፑንጎዲ አዳነቻችሁ! የኔ አንበሳ! መንደሩ ሁሉ የሚያወራው ስለሷ ነው" አለችኝ። በላሽ ወይ እንኳ አላለችኝም። ስልኩን ዘግቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ባንጋሎር ነዪና እኛ ጋ ላስቀጥርሽ ያልሽው ይቆየኝ። እዚያ ብመጣ የፑንጎዲ እህት ነው የምባለው። እዚህ ልጆቹ ወኪላቸው አድርገው መርጠውኛል፤ ቅር ያላት ሁሉ "ቫሱኪ የታለች?" እያለች ትፈልገኛለች። ስሜን እንዲህ ሲጠሩት ሰምቼ አላውቅም ነበር፣ አካ።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። አንቺ የተናገርሽው ለምትስቅልሽ ሴት ነው፤ እኔ የተናገርኩት የእሜቴ ሰሮጃ እጅ ትከሻዬ ላይ ሆኖ ነው። እናታችን የምታምነው ያንቺን አፍ ነው። ስትደውዪላት "የተናገረችው ቫሱኪ ናት" በያት። ከዚህ በላይ አትጨምሪ፣ ከዚህም አትቀንሺ።

ለአጎታችን ጉልበቱን ስሜያለሁ በይልኝ። ለባለቤቱ፣ ከልጇ ሳትለይ ላበላችሽ፣ እጇ ይባረክ። ትንሿን ልጃቸውን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። ፎቶውን ለላክሽልኝ ለዚያ ፈላጊሽም ሰላም በይልኝ፤ ጥርሱ ያምራል። በሱም ቀንቻለሁ።

የምትወድሽና የምትቀናብሽ ታናሽ እህትሽ
ቫሱኪ

ዲንዲጉል፣ ጃንዋሪ 17 ቀን 2018