ምሳ ብቻዬን አልወርድልኝ አለ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ ለሚዮኮ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? የጉልበትሽ ሕመምስ እንዴት ነው? ሳፖሮ ከአሁኑ በረዶ ጣለባችሁ ወይ? ባለቤትሽን ቴሱኬን ሳሉ ለቀቀው? እኔ አለሁ፤ ናፍቆትሽ ግን መቀመጫ ነሥቶኛል። በስልክ ልነግርሽ ስል እንባዬ እየቀደመኝ ስለተቸገርኩ ጻፍኩልሽ።

ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ የሰፈራችን የአረጋውያን መሰብሰቢያ ተዘግቷል። ዘፈኑም የጋራ ምሳውም ቀረ። ለአንድ ሰው ድስት መጣድ አስጠላኝና በቀዝቃዛ ሩዝ ላይ ሻይ አፍስሼ፣ ቆሜ ቀማምሼ እተወው ጀመርኩ። ልብሴ ሁሉ ሰፋኝ። የደም ግፊት መድኃኒቴን ልወስድ ስሄድ ሐኪሙ ሚዛኑን አይቶ፣ «እማማ፣ ስምንት ኪሎ የት ጣሉት? ከማን ጋር ነው የሚበሉት?» አለኝ። «ከቴሌቪዥኑ ጋር» አልኩት። አልሳቀም።

ጎረቤቴን ሂራኖን፣ ጀልባ ሠሪ የነበረውን፣ ታስታውሺዋለሽ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እሱም ብቻውን ነው። ከቤት ሳይወጣ ልጁ የምትልክለትን ጣፋጭ ሲበላ ከርሞ ሱሪው አልቆለፍ ብሎታል። አንድ ቀን በአጥሩ በኩል አየኝና፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ሥጋሽን እኔ ላይ ነው እንዴ የጣልሽው? ነይ ውሰጂ፣ ከብዶኛል» አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ። «ጣፋጩን ተውና የኔን ሾርባ ብላ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ዓሣና ፍጅል ያለበት ሾርባ እየሠራሁ ድርሻውን አጥሩ ላይ አስቀምጥለት ነበር። እሱ በበረንዳው፣ እኔ በበረንዳዬ ሆነን እየተያየን እንበላለን። «ጨው በዛ» ይለኛል፤ «ታዲያ ራስህ አትሠራም» እለዋለሁ። ፊቴ መለስ ማለት ጀምሮ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ልጁ መጥታ ወደ ኦሳካ ወሰደችው። የብርዱን ወራት ብቻህን አትወጣውም አለችው፤ እውነቷን ነው። ከመኪናው መስኮት ሆኖ፣ «ምሳሽን እንዳትተዪ» አለኝ። ጭምብል አድርጎ ስለነበር ያየሁት ዓይኑን ብቻ ነው። በማግስቱ ሾርባውን ሠርቼ፣ ሳህኑን ይዤ አጥሩ ጋ ከደረስኩ በኋላ ነው መሄዱ ትዝ ያለኝ። እዚያው እንደቆምኩ ቀዘቀዘ። እኔም አልበላሁት።

ሚዮኮዬ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ለምሳ ስትቀመጪ ደውዪልኝና ስልኩን ከሳህንሽ አጠገብ አኑሪው። የግድ ማውራት የለብንም። ስትበዪ ይሰማኝ፤ እኔም እበላለሁ።

ቴሱኬን ራሱን ከብርድ ይጠብቅ በይልኝ። ምራትሽን ናትሱሚን ለላከችልኝ ሹራብ አመስግኚልኝ። ልጇን ትንሿን ሪንን ሳሚልኝ። አፏን በምግብ ሞልታ ስታወራ ትቆጪያታለሽ አሉ፤ ተያት፣ እሷንም በስልኩ ልስማት።

እህትሽ ፉሳኤ
ሂሚ፣ ኅዳር 2020 እ.ኤ.አ.