ቃሌ ሳጥን ሆኖ ወጣ

ሰኞ፣ ኅዳር 6

ፕሪንተሩ እንቢ አለ። መብራቱ ይበራል፣ ወረቀት ግን አይስብም።

ላፕቶፔን ቫይረስ ከበላው ወዲህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የመጻፍ ሥራዬ ቆሟል። ዛሬ ከቴክኒክ ትምህርት ቤቱ መምህርት ብርቱካን መጥታ ዊንዶውሱን አጥፍታ ሊኑክስ የሚባለውን ጫነችልኝ። በነፃ የሚታደል ነው። ሠሪዎቹ አሠራሩን አይደብቁም፣ የፈለገ ከፍቶ ያየዋል አለችኝ። ከዚያ ዕቃውን አንድ በአንድ ፈተሽን፤ ጻፍኩት፦

ኪቦርድ፣ ይሠራል።
ድምፅ፣ ይሠራል።
ዋይፋይ፣ የለም ይላል።
ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት፣ አንዳንዴ አይነቃም።
ፕሪንተር፣ ጭራሽ አያውቀውም።

"ዕቃው ጤነኛ ነው፣ እትዬ ዘውዴ" አለች። "ሊኑክሱም ጤነኛ ነው። አይግባቡም እንጂ። ፋብሪካው አስተርጓሚ የሠራለት ለዊንዶውስ ብቻ ነው።" አስተርጓሚውን ድራይቨር ይሉታል።

ሁለት ባለጉዳዮች መጡ፣ መለስኳቸው። ሌሊት ውርጭ ይጥላል መሰለኝ፣ ጣቴ ከአሁኑ ቆርፍዷል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7

እትዬ ትርንጎ ከጃናሞራ መጡ። የባሌ የታከለ ታላቅ እህት ናቸው። የፍርድ ቤት ቀጠሯቸው ዓርብ ነው፤ የእኔን የምስክርነት ቃል ይዘው መቅረብ አለባቸው። መዝገብ ቤቱ ደግሞ በእጅ የተጻፈ አልቀበልም ብሏል።

ነገሩ የቆየ ነው። በመሬት ድልድሉ ጊዜ፣ እትዬ ትርንጎ ድርሻቸውን በፈቃዳቸው ለወንድማቸው ትተዋል የሚል ወረቀት ተጻፈ። አልተዉም። ያን ሳምንት ጎንደር ታመው ተኝተው ነበር። ምስክር ሆኜ አሻራዬን ያኖርኩት እኔ ነኝ። ታከለ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፣ ነፍሱን ይማረው። እርሻውን ልመልስላቸው ብል፣ የመሬት ይዞታ ደብተሩ በእሱና በእኔ ስም ስለሆነ ያለ ፍርድ አይዞርም ተባልን። ስለዚህ እሳቸው ከሰሱ፤ እኔም ቃሌን እሰጣለሁ አልኩ።

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ" አሉኝ ዛሬም፣ ጫማቸውን እያወለቁ። "ያኔ ፊደል አልቆጠርሽ። ያ ጸሐፊ ነው፣ እጁ ይቆረጥና! አንቺንም ታከለንም አታሎ፣ ሳያነብላችሁ አስፈርሞ።"

ጫማቸውን ተቀብዬ በሩ ሥር አኖርኩት። ስንት ዓመት ዝም ብያለሁ።

ማንበብ የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ ብቻዬን፣ ከዱቄት ከረጢትና ከተጣለ የትምህርት መጽሐፍ ላይ። ለምን ተማርሽ ሲሉኝ ዳግም እንዳልታለል እላለሁ። እውነት አይደለም።

ፕሪንተሩ አልሠራም ስላቸው ደነገጡ። እኔ ግን፣ እዚህ እንኳ ልጻፈው፣ ቀለል አለኝ። ማዶ ካለው ጽሕፈት ቤት ማሳተም እችል ነበር። እዚያ ግን ያነቡታል። በማግሥቱ ገበያው ሁሉ ያወራዋል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 8

ብርቱካን ከክፍል እንደወጣች መጣች። ዋይፋዩ ስለማይሠራ ስልኳን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝታ ኢንተርኔት ፈለገች። የማናውቀው ሰው፣ የት አገር እንዳለ እንጃ፣ የእኔው ዓይነት ፕሪንተር አስቸግሮት ያደረገውን ጽፏል። ለሊኑክሱ የፕሪንተሩን ስም ትቶ የአንድ የቀደመ ሞዴል ስም ሰጠው። ሠራለት።

"እንዋሸው እንግዲህ" አለች ብርቱካን። "ታላቅ ወንድሙ መስሎት ያትማል።"

"ማሽን ደግሞ ይዋሹታል?" አሉ እትዬ ትርንጎ።

"ከሰው ይቀላል፣ እማማ።"

ሦስት ስም ሞከርን። እንቢ። በአራተኛው ፕሪንተሩ አጓራ፣ ወረቀቱን ሳበ፤ የእንግሊዝኛው መሞከሪያ ገጽ ጥርት ብሎ ወጣ። አጨበጨብን። የቃሌን መጀመሪያ ጽፌ ስለነበር እሱን አዘዝኩት። ወጣ። ከላይ እስከ ታች ሳጥን ነው። ባዶ ሳጥን በሰልፍ። ላፕቶፑ ላይ ይነበባል፣ አማርኛውን የሚያትምበት ፊደል ግን አልተጫነለትም ኖሯል።

እትዬ ትርንጎ ወረቀቱን ብድግ አድርገው ወደ ብርሃኑ ያዙት። "እሰይ! አቤት ማማሩ! መስመሩ እንዴት ቀጥ ብሏል፣ ዘውዴ። እጅሽ ይባረክ።"

ብርቱካን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ለእሳቸው ሳጥኑም ፊደሉም አንድ ነው። ያሻኝን ጽፌ ብሰጣቸው አያውቁም። ወረቀቱ አልተነበበልኝም ብል ዳኛውም ያምነኛል፣ እሳቸውም ይመርቁኛል፣ እርሻውም ይመለሳል። የሚጎዳ የለም።

ግን ተነቦልኛል። ጸሐፊው ሁለት ጊዜ ነው ያነበበልኝ። በሁለተኛው ቀና ብሎ፣ "ገባሽ?" አለኝ። ገባኝ አልኩ። ውሸት መሆኑንም አውቅ ነበር። እትዬ ትርንጎ ጎንደር እንደተኙ አውቅ ነበር፤ ስንቅ ያሰናዳሁላቸው እኔ ነበርኩ።

ይኸን ጽፌው አላውቅም። ዛሬ ገና ጻፍኩት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9

ብርቱካን ጠዋት ወደ ሥራ ስታልፍ የአማርኛውን ፊደል በፍላሽ አምጥታ ጫነችልኝ። ሀሁ ብዬ አሳተምኩ። ቁልጭ ብሎ ወጣ። በማሽን ማሳበብ ቀረ።

ቃሌን እስከ መጨረሻው ጻፍኩ። ውኃ ልቀዳ ስወጣ ክዳኑን ዘጋሁት፤ ስመለስ አልነቃ አለ። አጥፍቼ ባበራው ያላስቀመጥኩት የመጨረሻው አንቀጽ የለም። ያው "ተነቦልኝ፣ ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ" ያልኩበት። ሁለተኛ ጻፍኩት። ከመጀመሪያው ይልቅ ከበደኝ።

አሳትሜ እትዬ ትርንጎን አስቀመጥኳቸውና አነበብኩላቸው።

"ድገሚው" አሉ።

ደገምኩት።

"ተነቦልኝ ነው ያልሽው?"

"አዎን።"

"ታከለስ? ያውቅ ነበር?"

"ያውቅ ነበር፣ እትዬ። ጸሐፊው የነገሩትን ነው የጻፈው። የነገረው ታከለ ነው።"

ወረቀቱን በጣታቸው ዳሰሱት። "አንቺ ለወንድሜ ብለሽ ነው?"

ለእሱ ብዬ ነው ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። "ለእርሻው ገብስም ነበር" አልኩ። "ያን ዓመት ጎተራችን ባዶ ነበር።"

ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው አጥፈው ጉያቸው ከተቱት። ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ዘመዳቸው ቤት ሊያድሩ ሄዱ። እራት አቅርቤ ነበር።

ነገ ዳኛ ፊት ያቀርቡት ይሆን ወይስ ለወንድማቸው ስም ሲሉ ይቀዳድዱት ይሆን፣ አላውቅም። ሌላ ቅጂ ማተም እችላለሁ። ግን አላትምም። ውሳኔው የእሳቸው ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 10

አቀረቡት።

ዳኛው አንብበው ቀና አሉ። "ወረቀቱ ተነቦልሽ ነበር?"

"አዎን፣ ጌታዬ።"

"ሐሰት መሆኑን ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

አዳራሹ ጉም ጉም አለ። ከኋላዬ አንድ ሰውዬ፣ "እግዜር ይይላት!" አለ። አልዞርኩም። ዳኛው የድልድል ኮሚቴ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቀርበው እንዲጠየቁ ብለው ለታኅሣሥ 8 ቀጠሩ። እኔም በሐሰት ስለመሰከርኩት ልጠየቅ እንደምችል ነገሩኝ።

ከእትዬ ትርንጎ ጋር ወደ መናኸሪያው ሄድን። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። መንገዱ እኩሌታ ላይ ቆሙ።

"ያን ጸሐፊ ስረግመው ኖርኩ" አሉ። "ልጁ ሲሞትበት እንኳ፣ ይበለው ብያለሁ። ለቅሶም አልሄድኩ። አሁን እሱም ሞቷል። እርግማኑን ለማን ብዬ ልመልሰው?"

ያን ለቅሶ እኔ ደርሻለሁ። እጁን ጨብጬ እግዜር ያጥናህ ብየዋለሁ።

የጃናሞራው አውቶቡስ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ከረጢታቸውን ልቀበላቸው እጄን ብዘረጋ አልሰጡኝም። ወጥተው መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። ሞተሩ ሲነሣ መስታወቱን ገፋ አደረጉ።

"መቼ ነው ያለው ዳኛው?"

"ታኅሣሥ 8፣ እትዬ። ዓርብ።"

"ትመጫለሽ?"

"እመጣለሁ።"

ነይ አላሉም። አትምጪም አላሉም። መስታወቱን ግን አልዘጉትም፤ አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ክፍት ነበር።