የጋሼ ደግፌ የእህት ልጅ

ውድ ጋሼ ደግፌ፣

እንደምን ሰነበቱ? ውድ ያልኩዎት ከልማድ ነው፤ እጄ ሌላ መጻፍ አልለመደም። ኮንዶሚኒየሙ ተስማማዎት? ጉልበትዎ ደረጃውን ይችለው ይሆን ብዬ ሰግቼ ነበር። እውነቱን ልንገርዎትና ስጋቴ የቆየው አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ተቀይሜዎታለሁ። ስልኬን ስለማያነሱ ነው በወረቀት የመጣሁብዎት።

ኮልፌ ያለው ግቢያችን ከፈረሰ ሁለት ወር ሆነው። እርስዎ ፊት ለፊት ካለው ቤት፣ እኔ ከጓሮዋ ክፍል፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረናል። የቀበሌው ቤት በስምዎ ነው፤ እኔ ደባል ነኝ። ግን በራሴ በር የምገባ፣ በራሴ ምድጃ የማበስል፣ ገበያ ላይ ሽንኩርት ቸርችሬ ልጆቼን ያሳደግኩ ደባል። ባለቤትዎ እትዬ ተናኘ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሲታመሙ ያጠብኳቸው እኔ ነኝ። ይህን የምለው ልቆጥርብዎት አይደለም። ምናልባት ልቆጥርብዎትም ነው።

ያን የቆጠራ ቀን ያስታውሳሉ? ደባል ሊያስወጡ ነው የሚል ወሬ ሰፈሩን አተራምሶት ነበር። ቆጣሪዎቹ በር ላይ ሲቆሙ እርስዎ ቀደሙኝና፣ "የእህቴ ልጅ ናት፤ ከነልጆቿ የኔ ቤተሰብ ናት" አሏቸው። እኔም "አዎ፣ አጎቴ ናቸው" ብዬ ፈረምኩ። ሲሄዱ አብረን ሳቅን። "እንግዲህ ዘመነች፣ ዘመድ ሆንን" አሉኝ። በደግነትዎ ነበር፤ አልክድም። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ሰፈሩ ለልማት ሲፈለግ አዳራሽ ሰብስበው፣ "ማንም ሜዳ ላይ አይወድቅም፤ ደባልም ስቱዲዮ ይሰጠዋል" አሉን። እልል ካሉት አንዷ እኔ ነኝ። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ግን ስሜ የለም። የኮሚቴዋን ሴትዮ ብጠይቃት መዝገቡን ገልጣ፣ "አንቺ እኮ ደባል አይደለሽም። የአቶ ደግፌ ቤተሰብ ነሽ። ለእሳቸውም ባለ ሦስት መኝታ የተሰጣቸው በእናንተ ብዛት ነው" አለችኝ።

ባለ ሦስት መኝታ፣ ለአንድ ብቸኛ ሽማግሌ።

እየሮጥኩ መጣሁ። ዕቃ እያስጫኑ ነበር። "ጋሼ፣ ለብቻዋ ነው የምትኖረው ብለው አንድ ቃል ይስጡልኝ" ብዬ ለመንኩዎት።

"በዚህ ዕድሜዬ ዋሽቼ ነበር ብዬ ልዋረድ? ቤቱንስ ቢቀንሱብኝ?" አሉ። ቀጥለውም ዓይኔን ሳያዩ፣ "ነገሩ ይረጋጋ እንጂ እናንተን አልረሳም" አሉኝ።

አለመርሳትዎ ሁለቱን ክፍል ማከራየት ሆነ። የነገረችኝ አልፊያ ናት፤ ያቺ የጥግ ቤት ጎረቤታችን፣ እዚያው ብሎክ የደረሳት። "የማላውቃቸው ሰዎች ከጋሼ ቤት ይወጣሉ ይገባሉ" አለችኝ። እኔና ልጆቼ ቆሼ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተናል። ጠረኑ ከልብሳችን አልወጣ ብሎ ልጄ ራዕይ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ለብቻዋ መቀመጥ ጀምራለች። በዚያ ስብሰባ ላይ ደሀና ሀብታም ተቀላቅሎ የሚኖርበት ሰፈር እንሠራለን ሲሉም ነበር። እኛን ያቀላቀሉን ከቆሻሻው ጋር ነው።

ትላንት ቅሬታ ሰሚ ፊት ቀረብኩ። "አጎቴ አይደሉም፤ ዋሽቼ ነው የፈረምኩት" አልኩ። ምስክር አምጪ አሉኝ። ምስክሬ እርስዎ ነበሩ፤ አልመጡም። የላኩት ወረቀት ግን ተነበበ፦ "ዘመነች የእህቴ ልጅ ናት፤ አብራኝ ትኖራለች።" ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁና፣ "ታዲያ ልጄ፣ ቤት አለሽ እኮ። ከኛ ምን ትፈልጊያለሽ?" አሉኝ።

መልሱ የመጣልኝ ስመለስ፣ ታክሲ ውስጥ ነው። ወርጄ ተመለስኩና የወረቀትዎን ኮፒ ማኅተም አስደርጌ ያዝኩ። አብሬዎት የምኖር ከሆነ፣ እሺ፣ እኖራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት አይሱዙ ተከራይቼ ከነልጆቼ፣ ከነአልጋዬ እመጣለሁ። በር ላይ ቆመው "አላውቃትም፣ ዘመዴ አይደለችም" ካሉኝ ደግሞ እሰየው፤ አልፊያና የብሎኩ ሰው እየሰማ ይበሉልኝ። እኔ የምፈልገው ምስክር ያንን ነው።

እስከዚያው ለተከራዮችዎ ይንገሯቸው። ድንገት እንደ እኛ ሜዳ ላይ እንዳይወድቁ።

የእህትዎ ልጅ፣
ዘመነች