አስተማሪውን ወስደው ፎቶግራፉን ስለላኩልን

ለተከበሩ የትምህርት መርሆዎች አፈጻጸም አስተባባሪ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ለሚያመላልስዎ መኪና ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። እኛ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች፣ ስሟን ብጽፍ ነገ ምን እንደሚከተላት ስለማላውቅ በማልጠራት ትምህርት ቤት የምንገኝ መምህራንና ተማሪዎች ከአቧራው በቀር ደህና ነን።

ደብዳቤዬን በምስጋና እጀምራለሁ። የአገራችን ትምህርት የሚመራባቸው መርሆዎች በሚያብረቀርቅ ወረቀት የታተሙበት፣ ባለፈው ወር የላኩልን ትልቅ ፖስተር በሰላም ደርሶናል። ትምህርት ለሁሉም በእኩልነት እንደሚዳረስ፣ ጥራቱ እንደሚጠበቅ፣ ኅብረተሰቡ በውሳኔ እንደሚሳተፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እያንዳንዱ ሕፃን በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንደሚማር ያበስራል። በዚህ በመጨረሻው መርህ ሥር ጠመኔ ይዞ ፈገግ ብሎ የሚታየው ወጣት መምህር ኢዘዲን ነው። መምህር ኢዘዲን እስከ ታኅሣሥ ድረስ የእኛው የአንደኛ ክፍል መምህር ነበር፤ ከመምህራኑ ሁሉ የልጆቹን አፍ መፍቻ ቋንቋ በርታኛን የሚናገርም፣ የሚያነብም፣ የሚጽፍም እርሱ ብቻ ነበር። ዛሬ እርስዎ ዘንድ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት ባለሙያ ሆኖ ተቀምጧል። ፖስተሩን በታዘዝነው መሠረት የለጠፍነው እርሱ ከተወሰደበት ክፍል ግድግዳ ላይ ሲሆን፣ ልጆቹ ጠዋት ጠዋት ሲገቡ ለፎቶው ሰላምታ ይሰጣሉ። እግዜር ይስጥልን።

ይህን ያህል ካመሰገንኩ፣ በልቤ የቀሩ ጥቂት ጉዳዮችን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፦ በእኔ ላይ ስላሳደሩት እምነት። በመምህር ኢዘዲን ቦታ የተመደብኩት እኔ ነኝ። ከወሎ መጥቼ እዚህ አራት ዓመት የቆየሁ፣ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሂሳብ የማስተምር፣ ከበርታኛ ሰላምታና የገበያ ዋጋ ብቻ የማውቅ ሰው ነኝ። አቤት ስል የተሰጠኝ መልስ፣ መጽሐፉ በላቲን ፊደል ስለተጻፈ እንግሊዝኛ ማንበብ የሚችል ሁሉ ሊያስተምረው ይችላል የሚል ነበር። እውነት ነው፣ ማንበቡን አነበዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሙሉ ገጽ እንደ እንግሊዝኛ እየጠማዘዝኩ አነበብኩላቸው፤ አርባ ሦስቱም በጨዋ ደንብ አዳመጡኝ፤ ሳበቃ ከገበያ አማርኛ የለመደ አንዱ ልጅ ተነሥቶ እንግሊዝኛዬ ቆንጆ መሆኑን ነገረኝ። እኔ ሳይገባኝ አነባለሁ፣ እነርሱ ማንበብ ሳይችሉ ይገባቸዋል፤ አርባ አራታችን ተደምረን አንድ አንባቢ አይወጣንም።

ሁለተኛ፦ ስለ ቀኖቹ። ባልደረቦቼ ተጠራጣሪ ነህ ይሉኛል፤ ሊሆን ይችላል። ይሁንና ፎቶ አንሺው የመጣው ማክሰኞ ነው፤ ጫማ ያላቸውን ልጆች መርጦ፣ ጥቂቶችንም ከሌላ ክፍል አስመጥቶ፣ ከፊት አስቀመጠ፤ የተሰነጠቀው ግድግዳ እንዳይታይም ሰሌዳውን አስገፋ። የዝውውር ደብዳቤው የደረሰን በዚያው ሳምንት ሐሙስ ሲሆን፣ የተጻፈበት ቀን ግን ከፎቶው በፊት ያለው ዓርብ ነው። እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ መሄዱ ተወስኖ ያለቀለትን ሰው እንደማይሄድ ሰው ፎቶ ያስነሱት ለምን እንደሆነ እኔ አላውቅም። እንዲሁ ቀን መቁጠር ስለምወድ ነው።

ሦስተኛ፦ ስለ ኅብረተሰብ ተሳትፎ። በታኅሣሥ መጀመሪያ ወላጆች ስለ መጸዳጃ ቤት ግንባታ ለመነጋገር ተጠርተው፣ ሻይና ዳቦ ከመቅረቡ በፊት ስም መቆጣጠሪያ ላይ እንዲፈርሙ ተደረገ። የወረቀቱ ራስጌ ባዶ እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን ያው ወረቀት፣ ወላጆች የመምህሩን ዝውውር በሙሉ ድምፅ ደግፈዋል ከሚል ቃለ ጉባኤ ጋር ተያይዞ ፋይል ውስጥ ተኝቷል። ልጃቸው ረውዳ እኔ ክፍል የምትማረው አቶ አብዱልረሂም፣ አሻራቸው በሰባተኛው ተራ ላይ አለ። ነገሩን ሳስረዳቸው ጣታቸውን አገላብጠው አዩና፣ «ወላሂ መምህር፣ እኔ መጣ ብሎ ነው የፈረመ፣ ይሂድ ብሎ አልፈረመም» አሉኝ። አማርኛቸውን አላረምኩም፤ ከቃለ ጉባኤው አማርኛ የተሻለ እውነት አለበት።

አራተኛ፦ ስለ መምህር ኢዘዲን አዲስ ሥራ። ስልክ ደውዬለት እንደነገረኝ ወንበር ተሰጥቶታል፤ ጠረጴዛው በሂደት ላይ ነው። የሚሠራው በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚያስተምር መምህር ያላቸውን ትምህርት ቤቶች እየቆጠረ ሪፖርት ማድረግ ነው። በእኛ ትምህርት ቤት አንጻር «የለም» ብሎ ቢሞላ፣ ራስህን ቁጠር ተብሎ ተመለሰለት። ስለዚህ በሪፖርቱ አንድ መምህር አለን፤ የጠፋው ከልጆቹ ፊት ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ላለው ጉዳይ ተራ ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም።

ረውዳ ሰባት ዓመቷ ነው። በኅዳር ወር ከመምህር ኢዘዲን ጋር የመጀመሪያውን ምዕራፍ በጣቷ እየተከተለች ጨርሳ፣ ማታ ለታናናሾቿ ታነብላቸው እንደነበር አባቷ ዛሬም በኩራት ያወራሉ። በጥር እኔ ፊት ቆማ ስታነብ አንድ ቃል ላይ ደረሰችና ተወላገደባት፤ ቀና ብላም ጠበቀችኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ ራሴ የማላውቀውን ቃል እንዴት አድርጌ ላርማት? «ጎበዝ!» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተሳሳተውንም ያልተሳሳተውንም ጎበዝ እያልኩ እውላለሁ። አፍሬያለሁ። ልጅቷም አልተሞኘችም፣ ነገሩ ገብቷታል፤ መጽሐፉን ከፊቷ ትዘረጋለች እንጂ ማንበቡን ትታለች።

በሰኔ የንባብ ምዘና አለ። ያላለፈ ይደግማል፤ እዚህ አካባቢ አንድ ክፍል የደገመች ልጅ ተመልሳ ትመጣ እንደሆነ የእርስዎ ስታቲስቲክስ ከእኔ በተሻለ ያውቃል። ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጋቢት ሳይገባ መምህር ኢዘዲንን ወደ ክፍሉ ይመልሱልን። ፖስተሩ ይቅርብን፤ ከፈለጉ ጠቅልለን እንልካለን። ፎቶው እርስዎ ቢሮ ቢሰቀል ጠረጴዛም አያስፈልገውም፣ ሪፖርቱንም ሳያከራክር ይቀበላል፤ ለመሥሪያ ቤትዎ ከሰውየው ይልቅ እርሱ ይስማማል ብዬ እገምታለሁ።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት ያነብባሉ ብዬ በማሰብ አስቀድሜ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ሳያነቡ ወደሚመለከተው ክፍል የሚመሩት ከሆነም የሚመለከተው ክፍል የትኛው እንደሆነ ለማወቅ በቀድሞ አቤቱታዎቼ ሁለት ዓመት ሙሉ የደከምኩ ሰው መሆኔን በትሕትና እያስታወስኩ፣

የመርሆዎቹ ሁሉ አክባሪ፣ ያልተማረውን የሚያስተምር፣
መምህር ሰራዊት ደባልቄ

ግልባጭ፦
ይመለከተኛል ለሚል ማንኛውም አካል፣ ካለ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ልላክ አልላክ እያልኩ ሳመነታ ሳምንት አለፈ። ረውዳ ከሰኞ ጀምሮ ቀርታለች፤ ከእናቷ ጋር ወንዝ ወርዳ ወርቅ ፍለጋ አሸዋ ታጥባለች። ከመሥሪያ ቤትዎ የተላከልኝ ትምህርት ያቋረጡ ተማሪዎች መመዝገቢያ ቅጽ ልጅቷ ያቋረጠችበትን ምክንያት በምልክት እንዳሳይ ያዝዘኛል፤ ሕመም፣ ርቀት፣ የቤት ውስጥ ሥራ፣ የወላጅ ግንዛቤ ማነስ የሚሉ ሣጥኖች ቀርበውልኛል። አራቱንም ደጋግሜ አየኋቸው፤ አንዱም እውነት አይደለም። ስለዚህ «ሌላ ምክንያት ካለ ይገለጽ» በሚለው ክፍት ቦታ ላይ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ የእርስዎን ሙሉ ስም ከነማዕረግዎ ጽፌያለሁ።