ስለላክከው መነጽርና ስለ አስራ አራተኛው ፎቅ

ይድረስ ለወንድሜ ለዘርዓብሩክ ገብረዮሐንስ፣ ኦስሎ።

እንደምን ነህ ዘሩዬ፣ ወንድምዓለም? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ባለፈው ወገቤን ያዘኝ ያልከው ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ያምሃል? ባለቤትህ ዊንታ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ትንሹ ጥርስ አወጣ? «አባባ» ማለት ጀመረ ወይስ አሁንም በስልክ ሲያየን መሳቅ ብቻ ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለን። አባባን ጉልበቱ ትንሽ ያዝ ያደርገዋል እንጂ ደህና ነው፤ ምግቡን ይበላል፣ ሰውም ይቆጣል። እኔም ደህና ነኝ፤ ከንዴቴ በቀር ሌላ ሕመም የለብኝም።

ይህን ወረቀት ያመጣችልህ ከሪማ ናት፤ ከድልድዩ አጠገብ ስልክ የሚጠግነው የሱሀይብ እህት። በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትል። በስልክ አንድ ክፉ ቃል ልናገር አፌን ስከፍት «ማኪ፣ ኔትወርክ ተቆራረጠ» ትለኛለህ። ወረቀት አይቆራረጥም። ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ።

እንግዲህ ወደ መነጽርህ ልምጣ። መነጽር ያልኩት አክብሬው ነው። የጋሪ ፈረስ ግራ ቀኙን እንዳያይ ዓይኑ ላይ የሚያስሩለትን ታውቀው የለ? እሱን በጥቁር ፕላስቲክ ሠርተው፣ ማሰሪያ ጨምረውበት፣ ከፊቱ ስልክ መሸጎጫ አበጅተውለት ሸጡልህ። አንተም ሰማንያ ሊሞላው ለተቃረበ አባትህ ላክከው። ስሙም ቨርቹዋል ሪያሊቲ ይባላል አሉ። ስሙ ከዕቃው ይከብዳል።

በኋላ አላልኩም እንዳትል፣ ያልከውን ላስታውስህ። አባባ ይህን የልብስ ስፌት ሱቁንና ከጀርባው ያሉትን የምንኖርባቸውን ሁለት ክፍሎች ይሽጥ፣ በዚያም ብር እዚሁ ፒያሳ በሚሠራ ሕንጻ ላይ፣ አስራ አራተኛው ፎቅ፣ አፓርታማ ይግዛ አልክ። ጥሩ። ሕንጻው የታለ? በቆርቆሮ የታጠረ ጉድጓድ ነው። ክረምት የገባበት ውሃ እስካሁን አልደረቀም፣ ማታ ማታ እንቁራሪት ይጮህበታል። ኮምፒውተር ውስጥ ግን አልቋል፤ ቀለም ተቀብቷል፣ ሶፋ ገብቶለታል፣ በረንዳው ላይ አበባ ሳይቀር በቅሏል። አባባ «ያላየሁትን ቤት አልፈርምም» ሲል፣ አንተ ደግሞ «እናሳየዋለን» ብለህ ይህን ጉድ ላክህ። እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም። የስፌት መኪናዬን ተሸክሜ አስራ አራተኛ ፎቅ ልወጣ ነው? ሱሪ የሚያሳጥረው ሰው ሊፍት ጠብቆ ይመጣልኛል? ተወው፣ የኔ ነገር ይቅር።

ቅዳሜ ጠዋት የሕንጻው ሽያጭ ሠራተኛ ተስፋሁን መጣ። ያንተን ተስፋሁን ማለቴ ነው፤ በቪዲዮ አግኝተኸው «የጨዋ ልጅ ነው» ያልከኝን። ሽቶው ከሱ ቀድሞ ገባ። ጫማው ሹል ነው፣ ንግግሩም እንዲሁ። አባባን ገና ከማየቱ «ፋዘር» ብሎ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው። አባባ ትከሻውን እንዴት እንዳየው ብታይ! በአንድ እጁ ኮምፒውተሩን፣ በሌላው የውሉን ወረቀት የያዘበትን ቦርሳ አንጠልጥሏል። እስክርቢቶው ከደረት ኪሱ ወጥቶ ይጠብቃል። የዕለቱ ጉዳይ ግልጽ ነው፤ አባባ ካየና ከወደደው እዚያው ይፈርማል፣ ከፈረመ ሱቁም ቤቱም ሄደ።

ዋይፋይ ያለው ሱሀይብ ጋ ስለሆነ ወደ እሱ ሱቅ ሄድን። አንተንም በሱሀይብ ስልክ ደወልንልህና ባንኮኒው ላይ አስቀመጥንህ። «በጣም ቀላል ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም» አልክ። ቀላል ነው የሚለው ሁልጊዜ ሩቅ ያለው ሰው ነው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ስልኩ ላይ አንድ ፕሮግራም ይጫናል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ጓደኛው ይጫናል፣ ሁለቱ በኬብል ወይም በዋይፋይ ይገናኛሉ። ኮምፒውተሩ ቤቱን ይልካል፣ ስልኩ ለሁለት ዓይን ከፍሎ ያሳያል። አለቀ። ይህን ለመፈጸም ሦስት ወንዶች፣ አንዱ ከነኦስሎው፣ ግማሽ ቀን ፈጀባችሁ።

መጀመሪያ በኬብል ይሁን ተባለ። ሱሀይብ ከመሳቢያው አንድ ኬብል አወጣ፣ ኮምፒውተሩ ስልኩን አላየውም። ሌላ አወጣ፣ አላየውም። «ወላሂ ኮምፒውተሩ ነው» አለ። ለካስ ኬብሎቹ ሁሉ ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ ኖረዋል! በራፉ ላይ የስልክና የኮምፒውተር ሐኪም ነኝ ብሎ የለጠፈ ሰው መረጃ የሚያስተላልፍ አንድ ኬብል የለውም። በዋይፋይ ይሁን ተባለ፤ ተገናኙ። የኔን ስልክ ሸጎጡበት። አባባ አንገቱን ቢያዞር ቤቱ አብሮት አይዞርም፤ ስልኬ ርካሽ ስለሆነ የአንገት መዞር አያውቅም ተባልኩ። እሺ፣ የተስፋሁን ይሁን። ስልኩን ሲሰጥ ልጁን ለማያውቀው ሰው የሚያሳቅፍ መሰለ።

አባባ ባርኔጣውን አውልቆ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ መነጽሩን አሰሩለት። ሁላችንም ምን ሊል ነው ብለን አፍ አፉን እናያለን። «ጉም ነው» አለ።

ተስፋሁን ምን ቢል ጥሩ ነው? «ፋዘር፣ እሱማ ከፍታው ነው! አስራ አራተኛ ፎቅ እኮ ነው! ከእንጦጦ የሚወርደው ጉም በመስኮት ነው የሚታይዎት!» አለ። መነጽሩን ለአፍታ እንኳ ዓይኑ ላይ ሳያደርግ! ሱሀይብ «የኮምፒውተሩ አቅም ነው» አለ፣ አጥፍቶ አስነሳው። አሁንም ጉም። አንተ ከባንኮኒው ላይ «እኔም ስሞክረው ደብዘዝ ይል ነበር፣ ይለመዳል» አልክ። አባባ እንዲለምድ እየተጠበቀ ተቀመጠ። ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ መቼ ሊለምድ ነው?

በመጨረሻ አባባ ራሱ አወለቀው። ክር በመርፌ ሲያስገባ እንደሚያደርገው ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየውና መስታወቱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ፋቅ ፋቅ አደረገው። «ይህ ላስቲክ ምንድን ነው?» አለ። ከፋብሪካው ሁለቱም መስታወት ላይ የተለጠፈ ስስ ላስቲክ! ሁላችንም አይተነዋል። ሱሀይብ ጠዋት ሊያነሳው ሲል «ተው፣ አዲስ ዕቃ ነው!» ብዬ እጁን የመታሁት እኔ ነኝ። ቤታችንን ታውቀዋለህ። የሶፋው ላስቲክ አንተ ሳትወለድ ጀምሮ እስካሁን አለ፤ ሪሞቱም ላስቲኩን እንደለበሰ ነው፣ ፍሪጁም። እማዬ ነፍሷን ይማርና ላስቲኩ ከተነሳ ዕቃው አረጀ ማለት ነው ትለን አልነበር? አንተም ኦስሎ ላይ በዚያው ላስቲክ ውስጥ አይተህ፣ ደብዝዞብህ፣ ለምደኸው ነው የላክከው። አገር ብትቀይርም የዚያው ቤት ልጅ ነህ። ተስፋሁን ግን ከሁላችን ባሰ። ላስቲኩ ሲላጥ እያየ «አያችሁ፣ ጉሙ ገፈፈ!» ብሎ አጨበጨበ።

አሁን ቀልዱ አለቀ፣ ዘሩ። ከዚህ በኋላ ያለውን በደንብ አንብበው።

አባባ መነጽሩን እንደገና አሰረ። እሱ የሚያየውን እኛ በኮምፒውተሩ ስክሪን እናያለን። አንገቱን ቀስ ብሎ ግራና ቀኝ አዞረ፣ ኮሪደሩም ዞረ። ወለሉ ያብረቀርቃል። ተስፋሁን ቁልፎቹን እየተጫነ ወደ ቤቱ በር አስጠጋው። በሩ ጋ ሲደርስ አባባ አንገቱን ደፋ፤ የኛን በር ለምዶ ነው። ተስፋሁን «ፋዘር፣ በሩ ሦስት ሜትር ነው፣ ቀና ይበሉ!» ብሎ ሳቀ። አባባ ግን አልገባም። አንገቱን እንደደፋ ቆሞ፣ ተቀምጦ ማለቴ ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ቤቶች!» አለ።

ታውቀዋለህ መቼም። ቁልፉ በኪሱ እያለ፣ የገዛ ቤቱ ሆኖ፣ ከጊዮርጊስ ሲመለስ «ቤቶች!» ሳይል ገብቶ አያውቅም። እማዬ ከጓዳ «ደጆች!» ትለዋለች፣ ያኔ ይገባል። እሷ ካረፈች ወዲህ የምመልስለት እኔ ነኝ፤ ከስፌት መኪናው ሳልነሳ፣ አንዳንዴም መርፌ በከንፈሬ ይዤ።

ደህና የሚሰማ ጆሮውን ወደ ጎን አዘንብሎ ጠበቀ። ስልክ ሊያሠሩ የመጡት ሰዎች ሳይቀሩ ወደ እሱ ዞሩ። ተስፋሁን በክርኑ ጎሸም አደረገኝና «መልሺለት እንጂ እህቴ» አለኝ በሹክሹክታ። እውነቱን ልንገርህ፣ ቃሉ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዕድሜ ልኬን የመለስኩት ቃል ነው። ብመልስለት ግን ይገባል፣ ያ የሌለ ሶፋ ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ እስክርቢቶው ይመጣል። ከንፈሬን ነከስኩ። አባባ እንደገና «ቤቶች!» አለ።

ይኼኔ ያ ሰው፣ ያ ያንተ የጨዋ ልጅ፣ አፉን ወደ አባባ ጆሮ አስጠግቶ፣ ድምፁን አቅጥኖ፣ የቤት እመቤት መስሎ «ደጆች! ይግቡ!» አለ።

አባባ መነጽሩን አወለቀ። ፀጉሩ በማሰሪያው ቆሞ ቀርቶ ነበር፣ እኔ ነኝ ያስተኛሁለት። ተስፋሁንን ቀና ብሎ እያየ «ይህ ቤት የማን ነው?» አለው። «የርስዎ ነዋ ፋዘር!» አለ እየሳቀ። «ታዲያ በእኔ ቤት ውስጥ ገብተህ የምትመልስልኝ አንተ ማን ነህ?» አለው። አባባ መነጽሩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና «ቤቱን አየሁት፤ ሰው የለበትም። የሚመልስልኝ ካለበት ቤት ወጥቼ የማይመልስልኝ ቤት አልገባም» ብሎ ባርኔጣውን አጠለቀ። ተስፋሁን ወረቀቱን እያውለበለበ እስከ ድልድዩ ተከተለው። የፊርማው ቦታ እንደነጣ ተመለሰ። ደስ አለኝ! ለምን እደብቅሃለሁ፣ እልል ማለት ነው የቀረኝ።

አሁን ይህን ሁሉ የጻፍኩበትን ምክንያት ልንገርህ። አባባ «ቤቶች!» ሲል አንተ ባንኮኒው ላይ ነበርክ። ሁለቱንም ጊዜ ሰምተሃል። ተስፋሁን ለሥራው ብሎ መለሰ፤ እኔም ለሥራዬም ለአባባም ብዬ ዝም አልኩ። አንተ ምን አልክ? «ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ማይኩ ይሠራል ማለት ነው» አልክ። እንዲህ ነው ያልከው፣ ዘርዓብሩክ። አባትህ በር ላይ ቆሞ ሲጣራ ማይኩን መረመርክ። የተስፋሁንን አፍ ንቄዋለሁ፤ ያንተ ቃል ግን አሳፈረኝ፣ ሱሀይብ እንኳ አንገቱን ደፍቶ ኬብሉን ሲጠቀልል ነበር።

አባባ ስልኩ ላይ መሆንህን የረሳ መስሎኝ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ ዶሮ ማነቂያ ስለነበሩት ጎረቤቶቻችን፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ወዴት ወዴት እንደተበተኑ እያወራ ደህና መጣ። በራችን ጋ ስንደርስ ውስጥ ማንም አልነበረም፤ እኔ ከኋላው ነኝ። እሱ ግን «ቤቶች!» አለ። እኔም ከኋላው «ደጆች!» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ገባ። ከተቀመጠ በኋላ ጉልበቱን እያሸ «ዘሩ እዚያ ስልክ ላይ ነበር አይደል? ስጣራ ሰምቶኛል?» አለኝ።

«ኔትወርክ ተቆራርጦበት ነበር አባባ» አልኩት። ያንተን ውሸት ዋሸሁልህ። አምኖኝ «እንዲያ ነው እንጂ» አለ፣ ፊቱም ፈካ።

ሰላምታ ብዙ ነው። እትዬ አዳነች ከነጉንፋናቸው «ጉንጮቹን ሳሚልኝ» ብለውሃል። ሱሀይብ ሰላም በይልኝ ይላል፤ ደህና ኬብል ካለህ በከሪማ ላክለት። ልጄ ኤዶም ትናፍቅሃለች፣ መልክህን በስልክ ብቻ ስለምታውቅ ቁመትህ ምን ያህል ነው ትለኛለች። አባባ አንተንም ዊንታንም ልጆቹንም ግንባራችሁን ይስማል፤ መነጽሩን ስለላክህም እግዜር ይስጥህ ብሏል፣ እሱ ጨዋ ነው። መነጽሩ ዳንቴል ለብሶ ቁምሳጥኑ ላይ ተቀምጧል፤ ላስቲኩንም መልሼ ለጥፌበታለሁ። ሌላ ዕቃ አትላክ። ስትመጣ በሩ ላይ ቆመህ ተጣራ፣ አባባ ራሱ ይመልስልሃል። ውሸቱ ሳያልቅብኝ ቶሎ ና።

እህትህ ማክዳ ገብረዮሐንስ

ፒያሳ፣ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.