በፋሪሃ ስም

ሰኔ 7

የማዳምን መጋረጃ ሁሉ አጥቤ አረፍኩ ስል ሌላ ጣጣ። የኮሮና ክትባት ካልወሰድሽ ቤቴን አትረግጪም አለችኝ። በምን ኢቃማ? የመኖሪያ ፈቃድ እንደሌለኝ አታውቅም? «ኢትሰረፊ» ብላኝ ገባች። እንደ ፍጥርጥርሽ ማለቷ ነው።

እዚህ ማዮ ሰፈር፣ የተከራየነው ክፍል ውስጥ ኢቃማ ያላት ፋሪሃ ብቻ ናት።

«የኔን ይዘሽ ሂጂ። እኔ እንደሁ አልወጋም።»

«ለምን?»

«ማህፀን ይዘጋል ሲሉ አልሰማሽም? ጂብሪል ስንት ዓመት ጠብቆኝ መካን ያግባ?»

ሳቅኩባት። ከአንገት በላይ ነው... እኔስ አልፈራሁም?

ሰኔ 12

ተወጋሁ። ዕድሜ ለካማማ! አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ ፎቶውን ማን ያመሳክራል? የጤና ጣቢያው በር ላይ ፖሊስ ሳይ ግን ልመለስ ቃጣኝ። ካሻ መሰለኝ፣ አፈሳ። እሱ እቴ፣ ሻዩን ይጠጣል። «ፋሪሃ!» ሲሉ ቶሎ አልተነሳሁም። ስሜ መሆኑን ረስቼ...

ሁለተኛው ለመስከረም 12።

ሰኔ 13

ትኩሳት። ፋሪሃ እርጥብ ጨርቅ ግንባሬ ላይ እያደረገች «አላልኩሽም?» ትላለች። «እኔ እንዲህ ሆኜ አንድ ቀን ብቀር የኦምዱርማኗ ሴትዮ በማግስቱ ሌላ ሠራተኛ ታስገባለች።» ይህንንስ እውነቷን ነው።

ነሐሴ 23

ጉድ! ጎረቤታችን ዛሂራ አርግዛለች። በመጋቢት ተወግታ! ፋሪሃ ሆዷን ዳሰሰችላት። እቤት ስንገባ፣

«ነገ እሄዳለሁ» አለች።

ነሐሴ 24

መለሷት። «ወስደሻል፤ ሁለተኛው በመስከረም ነው።»

ምን ትበላቸው? የወሰደችው ጓደኛዬ ናት ብትል ሁለታችንም እስር ቤት ነን። ሌላ ጤና ጣቢያም ሞከረች፤ ኮምፒውተሩ ያው። ለካ ተራዋን በልቼባታለሁ።

«ሁለተኛው ያንቺ ነው። ወላሂ አልነካውም» አልኳት።

«ኢንሻአላህ። ምን አስቸኮለን?»

ጳጉሜ 2

ፋሪሃ ታስላለች። ብርድ ነው ትላለች። በዚህ ሙቀት ምን ብርድ አለ?

መስከረም 2

ትንፋሽ አጠራት። ሆስፒታሉ አልጋ ሰጠን፤ ኦክስጅን ግን የለም። ጂብሪል ከተማውን ሲያስስ ዋለ። ባዶ እጁን መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፣ መግባት ፈራ። እጇን ይዣለሁ። ሌላ ምን አውቃለሁ? ያ አላህ...

«መስከረም 12 መቼ ነው?» አለችኝ።

«ደርሷል» አልኩ።

መስከረም 5

ቀበርናት። ወሎ ለእናቷ የደወለው ጂብሪል ነው። እኔ አልቻልኩም።

መስከረም 12

ማዳም ቀኑን አልረሳችም። «ዛሬ አይደል? ያላ!»

የፋሪሃን ኢቃማ ይዤ ሄድኩ። ያው በር፣ ያው ፖሊስ፣ ያው ሻይ። አልነካውም ብዬ ምዬላት ነበር። ታዲያ ለማን ልተወው? ልመለስስ ብል፣ ያለ ሥራ ምን በልቼ አድራለሁ?

ነርሷ ስሟን ጠራች። ማንም አልተነሳም። ዞር ብዬ በሩን አየሁ። ምን እንደምጠብቅ እንጃ...

ደግማ ጠራች።

«አቤት» አልኩ፣ በአማርኛ።